የሰልስቱ ካሴት

ቢቸና፣ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ ባንቺአምላክ ቤት፤ እናታቸው ጓዳ ተኝታለች፤ ታናሽ ወንድሟ ሽባባው ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን ላፕቶፕ ከአሮጌ ቴፕ ጋር አገናኝቶ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የአባታቸው ለቅሶ የተቀዳበትን ካሴት በእስክሪብቶ እያጠበቀ ነው።

ባንቺአምላክ፦ ሌላውን ሁሉ ቅዳ፤ ይሄኛውን መልስ አልኩህ!

ሽባባው፦ ለምን?

ባንቺአምላክ፦ ክሩ ተላልጧል። ይበጠሳል።

ሽባባው፦ የካሴት ክር ሲላላጥ የምታውቂው ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ በድምፅ ሥራ ስተዳደር አሥራ አምስት ዓመቴ ነው።

ባንቺአምላክ፦ ሥራህንማ ሰምተነዋል። የሳሙና ማስታወቂያ። ሴትዮዋ ልብስ እያጠበች ትስቃለች፤ ሳቋን ያጎላኸው አንተ ነህ አሉ። አባትህ በሬ ሸጦ ያስተማረህ ለዚህ ኖሯል።

ሽባባው፦ ስድብሽን ስትጨርሺ አረቄ አምጪልኝ።

ባንቺአምላክ፦ ምን አልክ? በዚህ ቤት ውሃ አልቀምስም ብለህ ከሆቴል የፕላስቲክ ውሃ ተሸክመህ የመጣህ ሰውዬ አረቄ አማረህ?

ሽባባው፦ ልጠጣው አይደለም። የቴፑ ራስ አቧራ ይዟል፤ ልጠርግበት ነው። ጥጥም ጨምሪ።

ባንቺአምላክ፦ እንካ። ቴፑ ካንተ ይሻላል፤ የሰጡትን ይቀምሳል።

ሽባባው፦ አመሰግናለሁ።

ባንቺአምላክ፦ አታመስግነኝ፤ ካሴቱን መልስ። የሰርጌን ቀዳህ፣ የእማዬን የፍልሰታ መዝሙር ቀዳህ፣ አባዬ በሽምግልና የተናገረውን ቀዳህ። ይበቃል። ይሄ ለቅሶ ነው። ለቅሶ በእሁድ ቀን ምን ይሠራልሃል?

ሽባባው፦ እውነቱን ልንገርሽ?

ባንቺአምላክ፦ ከየት አምጥተህ?

ሽባባው፦ የመጣሁት ለዚህ ካሴት ነው። ሌላው ሁሉ ማሳበቢያ ነው።

ባንቺአምላክ፦ እማዬን «የድሮውን ድምፅ ሁሉ ስልክሽ ላይ እጭንልሻለሁ» ብለህ ስታስደስታት የዋልከውስ?

ሽባባው፦ እሱንም አደርጋለሁ። አሁን ግን ጥያቄ አለኝ። የሰልስቱ ዕለት ቴፑን የያዘው ማን ነበር?

ባንቺአምላክ፦ አጎታችን ይርሳው። ነፍሱን ይማረው። መተከል ያሉት ዘመዶች ለቅሶ አልደረሱም፤ ካሴቱ ይላክላቸው ተብሎ ነው የቀዳው። ከዚያ መልሰው ላኩት። ታውቀዋለህ እኮ።

ሽባባው፦ የት ተቀምጦ ነበር የቀዳው?

ባንቺአምላክ፦ ከአልቃሿ አጠገብ። ታዲያ ድንኳን ጣሪያ ላይ ይውጣ?

ሽባባው፦ ጥሩ። አልቃሿ ወይዘሮ ዘብዴር ከሌላ አገር የመጣች ናት። አባዬን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ግጥሙ የእሷ ነው፤ ወሬው ግን የእሷ አይደለም። ወሬውን ከጎኗ ተቀምጦ በጆሮዋ ሹክ የሚላት ሰው ነበር።

ባንቺአምላክ፦ በየለቅሶው ያለ ነገር ነው። ሰው ካልነገራት የሟቹን አባት ስም ከየት ታመጣዋለች?

ሽባባው፦ ያለ ነገር ነው። የሟች ደግነት ይነገራታል፣ የዘመድ ስም ይነገራታል። የገዛ ወንድምን አገር በሞላበት ማዋረድ ግን በየለቅሶው ያለ ነገር አይደለም።

ባንቺአምላክ፦ አሃ።

ሽባባው፦ ገባሽ?

ባንቺአምላክ፦ ገባኝ። ያ ሹክሹክታ ካሴቱ ላይ አለ ብለህ ነዋ።

ሽባባው፦ አለ። በቴፕ ስትሰሚው ሽሽሽ ነው የሚለው፤ ምንም አይለይም። ይሄ ኮምፒውተር ግን ሽሽታውን ያነሳዋል፤ የአልቃሿን ድምፅ ዝቅ፣ ከሥሯ ያለውን ከፍ ያደርገዋል። የሥራ ባልደረቦቼ ለአንድ ፊልም ሲሠሩት ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ ትዝ ያልሺኝ አንቺ ነሽ።

ባንቺአምላክ፦ እግዜር ይስጥህ። በአሥራ ስምንት ዓመት አንዴ ትዝ ብልህ እሱም ለክስ።

ሽባባው፦ የተባለውን ታስታውሺዋለሽ?

ባንቺአምላክ፦ አላስታውስም።

ሽባባው፦ እኔ ልንገርሽ።
«ልጄ ይመጣል ሲል ደጅ ደጁን እያየ፣
ዓይኑን የከደነው ባዕድ ሆኖ ታየ።»
እንዲህ ነው የተባልኩት። እዚያው ቆሜ። ሦስት መቶ ሰው ዞር ብሎ አየኝ። አንዲት አሮጊት ከንፈሯን መጠጠች፤ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «ይሄ ነው እንዴ?» አለ። ይሄ ነው እንዴ!

ባንቺአምላክ፦ አንተ ነበርካ። ሌላ ወንድ ልጅ አልነበረው።

ሽባባው፦ አባዬ ደጅ ደጁን ማየቱን ማን ያውቃል? የውጭ ሰው አያውቅም። አጎቴ ይርሳው እኔ አይደለሁም ብሎ ቄስ ፊት ምሎልኛል። እማዬ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ቃል አልወጣትም፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ማን ቀረ?

ባንቺአምላክ፦ እኔ ቀረሁ።

ሽባባው፦ አንቺ ቀረሽ። ስለዚህ ዛሬ በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ድምፁ ያንቺ ከሆነ እማዬን ዛሬውኑ መኪናዬ ላይ አሳፍሬ ይዣት እሄዳለሁ። ከአንቺ ጋር አንድ ቀን አታድርም።

ባንቺአምላክ፦ ምን?

ሽባባው፦ ሰምተሽኛል።

ባንቺአምላክ፦ የሰማንያ ዓመት ሴት? የት ልታስቀምጣት?

ሽባባው፦ ቤቴ።

ባንቺአምላክ፦ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ? ከወጣች በኋላ የምትወርደው በቃሬዛ ነው። እዚህ በየጠዋቱ ተደግፋ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች። አባዬ እዚያ ነው ያለው። አጠገቡ ቦታዋን ለይታ ለቄሱ አሳይታለች። ይህን ታውቃለህ?

ሽባባው፦ እሷ ትለምደዋለች።

ባንቺአምላክ፦ እሷ ትለምደዋለች! ስለ ጥጃ የምታወራ ነው የምትመስለው።

ሽባባው፦ ተነሺ ከመሰኪያው። ልጀምር ነው።

ባንቺአምላክ፦ ወደ መጨረሻው አሳልፈውና ስማው እንግዲያው፤ ምን አደከመህ።

ሽባባው፦ ካሴት እንደዚያ አይቀዳም። ሲዘፍን ሠላሳ ደቂቃ ከፈጀ ሲቀዳም ሠላሳ ደቂቃ ነው። ደግሞም ይህን የሚያህል አሮጌ ክር ወዲያ ወዲህ ካጠነጠንኩት ያን ጊዜ ነው የሚበጠሰው። በይ ዝም በይ፤ ሄድፎን አድርጌያለሁ።

ባንቺአምላክ፦ አድርግ። ድሮም ሰው ሲጠራህ የማትሰማበት ነገር ነበረህ፤ ያን ጊዜ ግን በገመድ አልነበረም።

ሽባባው፦ ሰምቼሻለሁ።

ባንቺአምላክ፦ እንድትሰማ ነው።

ሽባባው፦ ዘር እየቆጠረች ነው። ጥርት ብሎ ይሰማል። «የአበጀ ልጅ፣ የእንግዳው የልጅ ልጅ» … ከሥሯ ሹክ የሚላት የአጎቴ ይርሳው ድምፅ ነው። አየሽ? ይለያል!

ባንቺአምላክ፦ ዘሩን የነገራት እሱ ነው። ቀጥሎ የአባዬን በሬዎች ታነሳለች። በሬዎቹ ላይ አንዲት ሴት ታስነጥሳለች።

ሽባባው፦ … አስነጠሰች። አላስታውስም አላልሽም?

ባንቺአምላክ፦ ረስቼው ነበር፤ አንተ ስትነካካው መጣልኝ።

ሽባባው፦ ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል?

ባንቺአምላክ፦ ቴፑ እስኪበላሽ።

ሽባባው፦ የሠራሽውን እየሰማሽ ስትረኪ ኖረሻላ።

ባንቺአምላክ፦ አባቴን እየሰማሁ ሳለቅስ ነው የኖርኩት። አንተ የሰማኸው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ የአባትህ ለቅሶ ነበር። ሠላሳ ደቂቃ ሰው ስለ አባትህ አልቅሶ አንተ ለራስህ የተነካችውን ይዘህ ወጣህ። ሰልስቱ እንኳን ሳያልቅ። ተዝካሩንም ያለ አንተ አወጣነው።

ሽባባው፦ በየት ፊቴ ልምጣ?

ባንቺአምላክ፦ በዚያው ፊትህ። ሌላ አለህ?

ሽባባው፦ አባዬ ሲታመም ፈቃድ ከልክለውኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ።

ባንቺአምላክ፦ ሦስት ጊዜ ቴሌ ድረስ ሄጄ ደወልኩልህ። አንደኛ ጊዜ «ለፋሲካ እመጣለሁ» አልክ። ሁለተኛ ጊዜ «ግንቦት ልደታ» አልክ። ሦስተኛ ጊዜ ያነሳልኝ አብሮህ የሚኖረው ልጅ ነው። የት ሄደ ብለው «ናዝሬት፤ ጓደኛው አግብቶ ሚዜ ሆኗል» አለኝ። ለሚዜነት ፈቃድ ሰጡህ?

ሽባባው፦ ቅዳሜና እሁድ ነበር።

ባንቺአምላክ፦ አባዬም የሞተው እሁድ ነው። ዓይኑን የከደነው ጎረቤታችን አቶ ደርበው ነው፤ እኔ አልችል ብዬ። ባዕድ ነው፤ ምኑ ላይ ዋሸች ሴትዮዋ?

ሽባባው፦ ይኸው! ይኸው ከአፍሽ! ልክ እንደ ካሴቱ ነው የምታወሪው። አንቺ ነሽ! አሁን ጀግንነቱን ተናዘዢያ።

ባንቺአምላክ፦ አሁን የት ደርሳለች?

ሽባባው፦ ጠመንጃውን እያነሳች ነው። «ምንሽሩን ማን ይወልውለው» ትላለች።

ባንቺአምላክ፦ እሺ። ስማኝ። እኔ ነኝ።

ሽባባው፦ ምን?

ባንቺአምላክ፦ የነገርኳት እኔ ነኝ። ተናድጄ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ሹክ አልኳት። በቃ? ያዝከኝ። አሁን አጥፋው።

ሽባባው፦ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዓይኔን እያየሽ «እኔ አይደለሁም» ብለሽ!

ባንቺአምላክ፦ ዋሸሁ። አጥፋው አልኩህ።

ሽባባው፦ እንዴት ያለሽ ነሽ? ማርያም ስዕል ፊት ነው እኮ የማልሽልኝ። እኔ ደግሞ አንዳንዴ ሌሊት ተነስቼ «ምናልባት በከንቱ ጠርጥሬያት ይሆን» እል ነበር። አላፈርሽም?

ባንቺአምላክ፦ አፈርኩ። ያሻህን በለኝ፤ ለዘመድ ሁሉ ስሜን አጥፋ። እማዬን ግን ካልጋዋ አታንሳት። እግርህን ልሳም?

ሽባባው፦ አትንኪኝ! ሂጂ ልብሷን ሸክፊ።

ባንቺአምላክ፦ አጥፋና እሸክፋለሁ።

ሽባባው፦ ምን ያስቸኩልሻል? አሁን የማዳምጠው ለኔ ብቻ አይደለም። ያን ቦታ ቆርጬ አወጣና የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ። መተከል ያሉትም፣ ደብረ ማርቆስ ያሉትም፣ እስራኤል ያለችውም የአክስታችን ልጅ ይስሙት። ሁሉም «ደጓ ባንቺአምላክ፣ እናቷን የምትጦረው ባንቺአምላክ» ይሉሻል አይደል? ድምፅሽን ይስሙ።

ባንቺአምላክ፦ ሽባባው፣ ወንድሜ፣ ስለ አባዬ ብለህ አጥፋው።

ሽባባው፦ አባዬን አትጥሪ! … ቆይ። ዝም በይ። መታመሙን ጀመረች። … ሹክሹክታ አለ። አጎቴ አይደለም። ሴት ናት። … ይኸውልሽ! «ደጅ ደጁን እያየ ነው የሞተው፣ በዪ» … «በዪ፣ ያውልሽ ቆሟል፤ ይስማ» …

ባንቺአምላክ፦ ይበቃሃል።

ሽባባው፦ … ቆይ።

ባንቺአምላክ፦ ሽባባው፣ ይበቃሃል አልኩህ።

ሽባባው፦ ሳል አለ። … ይቺን ሳል አውቃታለሁ። … ቅድም ጓዳ ስታስል ሰምቻታለሁ። … እማዬ ናት። ባንቺአምላክ፣ እማዬ ናት! ሦስት ቀን ቃል አልወጣትም አላልሽም?

ባንቺአምላክ፦ አልወጣትም። ከዚያ በቀር።

ሽባባው፦ ተሳስተሻል በይኝ።

ባንቺአምላክ፦ አልተሳሳትኩም። ከጀርባዋ ነበርኩ። ሦስት ቀን ዝም ብላ ቆይታ፣ አንተ ድንኳኑ በር ላይ ጥቁር መነጽርህን አድርገህ ስትቆም አየችህ። ያን ጊዜ ተነስታ፣ ሰው ከፍላ አልፋ፣ አልቃሿ አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ልታለቅስ መስሎት መንገድ ለቀቀላት።

ሽባባው፦ አንቺስ ዝም ብለሽ አየሽ?

ባንቺአምላክ፦ አፏን ልይዘው? አልቃሿ ግጥሙን አንስታው ነበር እኮ።

ሽባባው፦ ታዲያ አሁን ለምን እኔ ነኝ አልሽ?

ባንቺአምላክ፦ እኔን መጥላት ለምደኸዋል፤ አያቅትህም። እሷ ደግሞ ምን ያህል ቀን ቀራት? ልጄ ጠላኝ ብላ ከምትሞት ባንተ አፍ ሌባም ልባል፣ ውሸታምም ልባል።

ሽባባው፦ ስትታከም አዲስ አበባ መጥታ ቤቴ አንድ ወር ከርማለች! ፊቴን እያየች አብራኝ በላች፣ ጠጣች፤ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

ባንቺአምላክ፦ አንተስ ጠየቅካት? አንድ ቀን «እማዬ፣ አባዬ ሲሞት ምን አለ?» ብለሃታል? አልጠየቅክም። ስለ እኔ ክፋት ግን ወር ሙሉ ነግረሃታል። ተመልሳ ስትመጣ ሰውነቷ አልቆ ነበር።

ሽባባው፦ እናት በልጇ ላይ እንዲህ ታደርጋለች? በሕዝብ ፊት?

ባንቺአምላክ፦ ቅድም እኔ ነኝ ስልህ ነውር የነበረው ወንድምን ማዋረድ ነበር፤ አሁን ደግሞ ልጅን። አንተ ምን አደረግክ የሚለውን ኮምፒውተርህ አያወጣውም?

ሽባባው፦ ተዪኝ። … ገመዱን ልንቀል።

ባንቺአምላክ፦ አልጨረሰም እኮ። ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል። መጨረሻው ላይ አባዬን ትመርቀዋለች፤ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

ሽባባው፦ አልፈልግም።

ባንቺአምላክ፦ ቴሌግራሙስ?

ሽባባው፦ አትቀልጂ!

ባንቺአምላክ፦ እየቀለድኩ አይደለም። የአክስታችን ልጅ እስራኤል ሆና ስትጠብቅ።

ሽባባው፦ ያን ቦታ ሰርዤዋለሁ። ይኸው፣ ተሰረዘ። ማንም አይሰማውም። ካሴቱንም አንቺው ያዢው፣ ከፈለግሽ እሳት ጨምሪው። እኔ ልሂድ፤ አባይ በረሃ ሳይመሽብኝ።

ባንቺአምላክ፦ መልካም። ልብሷን ልሸክፍ?

ሽባባው፦ የምን ልብስ?

ባንቺአምላክ፦ የእማዬን። ጋቢዋን፣ መቋሚያዋን፣ መድኃኒቷን። ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ አላልክም?

ሽባባው፦ እሱ … እሱ ሌላ ነው።

ባንቺአምላክ፦ እንዴት ሌላ ሆነ?

ሽባባው፦ እንዳልሽው አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። ጉልበቷንም ያማታል። እዚህ ለምዳለች፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርቧ ነው። ካንቺ ጋር ይሻላታል።

ባንቺአምላክ፦ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይሄን ሁሉ ስነግርህ «ትለምደዋለች» አልከኝ።

ሽባባው፦ ነገሩ ተለውጧላ!

ባንቺአምላክ፦ ምኑ ተለወጠ? እናትነቷ?

ሽባባው፦ እንደሱ አላልኩም።

ባንቺአምላክ፦ እኔ ስበድልህ እናትህን ከእኔ ልትቀማኝ መጣህ። እሷ ስትበድልህ ለእኔ ጥለሃት ልትሄድ ነው። አንድም ጊዜ ስለ እሷ አልነበረማ።

ሽባባው፦ አሁን ፊቷን ማየት አልችልም። ስትነቃ «ሥራ አስቸኩሎት ሄደ» በያት።

ባንቺአምላክ፦ ሳትሰናበታት?

ሽባባው፦ ለመስቀል እመጣለሁ።

ባንቺአምላክ፦ ለመስቀል።

ሽባባው፦ እውነቴን ነው። ፈቃድ ከሰጡኝ።

ባንቺአምላክ፦ ታውቃለህ፣ ያን ዕለት ማታ ከእማዬ ጋር ተጣላሁ። አንድ ወር ሙሉ ሰላም አላልኳትም። ከዚያም ወዲህ «አበዛሽው፤ ልጅሽን ሰው ፊት በደልሽው፤ እሱ እኮ እንደዚያ አይደለም» እያልኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስሟገትልህ ኖርኩ። እሷ «የሆነውን ነው የተናገርኩት» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። በል ሂድ፣ አባይን በጊዜ ተሻገር፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።